ሰኞ ሰኞ የሚደወል ስልክ

ዴንቨር በረዶ እየጣለ ነበር። በሬ ተንኳኳ። መጋረጃውን ገለጥ ሳደርግ ሁለት ወጣቶች ቆመዋል። ነጭ ሸሚዝ፣ ከረባት፣ ደረታቸው ላይ ስም የተጻፈበት ጥቁር ባጅ። አሜሪካ የኖረ ሰው ከሩቅ ያውቃቸዋል፤ ሞርሞን የሚባለው፣ አሜሪካ የተነሣው እምነት ሰባኪዎች ናቸው። ድምፄን አጥፍቼ ቆየሁ። ሄዱ።

ያን ሌሊት እንቅልፍ እምቢ አለኝ። እኔ ያደግሁት ጎንደር ነው፣ ከበአታ ለማርያም ብዙም በማይርቅ ሰፈር። አቋቋም፣ ማለት በጸናጽልና በከበሮ የሚቀርበውን የቤተ ክርስቲያን ዝማሬ፣ ሊማሩ ከየአገሩ የሚመጡ ደቀ መዛሙርት የሚሰበሰቡት እዚያ ነው። በልጅነቴ በራችን ላይ «በእንተ ስማ ለማርያም» የሚል ድምፅ የማይሰማበት ቀን አልነበረም። እናቴ «እግዜር ይስጥህ» ብላ ባዶ እጁን የሸኘችው ተማሪ ትዝ አይለኝም። እኔ የእሷ ልጅ፣ በብርድ የቆመ የሰው ልጅ እያየሁ በሬን ሳልከፍት ቀረሁ።

በሳምንቱ ተመልሰው መጡ። ከፈትኩ። «ግቡ» ብላቸው ግን አልገቡም። ባለቤቴ ሥራ ላይ ነበር፤ ሴት ብቻዋን ባለችበት ቤት እንዳይገቡ ደንብ አላቸው። ለቅዳሜ እራት ጠራኋቸው።

ቅዳሜ ቡና ላፈላ ስነሳ አንጠጣም አሉ። ሻይም አይጠጡም፣ ጠጅም፣ ቢራም። መነሻው በፈረንጆች 1833 የወጣ ሥርዓት ነው። ጎንደር ያደገች ሴት እንግዳን ያለ ቡና ምን ብላ ትሸኛለች? ደግነቱ ማር ነበረኝ፤ ብርዝ በጠበጥኩላቸው። ሽሮውን በእጃቸው በሉ። ረጅሙ ልጅ ሦስት ጊዜ አስጨመረ።

ይህ ረጅሙ ልጅ 19 ዓመቱ ነው። የመጣው ከአሜሪካዋ አይዳሆ ግዛት፣ ድንች ከሚያርሱ ቤተሰቦች ነው። ባጁ ላይ ከስሙ በፊት «ኤልደር» ይላል፤ ሽማግሌ ማለት ነው። ወንዶቹ ከ18 ዓመታቸው ጀምሮ ለ2 ዓመት ለስብከት ይወጣሉ፤ ሴቶቹ እስከ ፈረንጆች 2025 ድረስ ከ19 ጀምሮ ነበር፣ አሁን እነሱም ከ18 ጀምሮ ለ1 ዓመት ተኩል። የሚሄዱበትን አገር አይመርጡም። ደብዳቤ ይመጣል፤ ብራዚል ካለ ብራዚል ነው፣ ጃፓን ካለ ጃፓን። ደመወዝ የላቸውም። እንዲያውም የአሜሪካ ልጆች በፈረንጆች 2020 ከወጣው ተመን ወዲህ በየወሩ 500 ዶላር የሚያዋጡት ከራሳቸውና ከቤተሰባቸው ነው። ይህ ልጅ ትምህርት ቤት ሲዘጋ የሰው ሣር እያጨደ አጠራቅሟል። የጎደለውን አባቱ ይሞላል።

እኔ ኦርቶዶክስ ነኝ፤ ማተቤን ያዩታል። ስለ እምነታቸው ነገሩኝ፣ ስለ እምነቴ ነገርኳቸው። በዚያ አልተግባባንም፣ አልተጣላንምም። እኔን የያዘኝ ሳምንታቸው ነው።

ጠዋት 12 ሰዓት ተኩል ይነሳሉ። ስፖርት፣ ቁርስ፣ ንባብ፣ ከዚያ መንገድ። አንዱ ያለ ሌላው የትም አይሄድም። ማክሰኞ በር ማንኳኳት፣ ረቡዕ በር ማንኳኳት። በሳምንት አንድ ቀን በአካባቢው ካሉ ጓደኞቻቸው ጋር ይሰበሰባሉ። አቅመ ደካማ ካገኙ በረዶ ይጠርጉለታል፣ ዕቃ ያግዙታል። እሑድ ቤተ ክርስቲያን ናቸው። በየወሩ የመጀመሪያውን እሑድ ሁለት ማዕድ ይጾማሉ። ማታ በ4 ሰዓት ተኩል መብራት ይጠፋል። «ከመቶ በር ስንቱ ይከፈትላችኋል?» አልኩት። ዝም ብሎ ጓደኛውን አየው። መልሱን ከፊታቸው አነበብኩት።

ሰኞ ግን ሌላ ቀን ነው። ልብስ ያጥባሉ፣ አስቤዛ ይገዛሉ፣ ፀጉር ይቆረጣሉ። ዋናው ነገር ደግሞ ለእናታቸው ይደውላሉ። ይህ ድሮ አልነበረም። እስከ ፈረንጆች 2019 ድረስ ድምፅ ለድምፅ የሚገናኙት በዓመት ሁለት ጊዜ ብቻ ነበር፤ በገና እና በእናቶች ቀን። በዚያ ዓመት በየካቲት ተፈቀደና አሁን በየሳምንቱ ይደውላሉ።

አንድ ሰኞ ልጁ የእኔን ስልክ ቁጥር ለእናቱ ሰጥቷት በቪዲዮ ደወለችልኝ። ገና «ሄሎ» ሳልል ዓይኗ እንባ ሞላ። በእኔ ቦታ ሆነሽ ልጄን ስላበላሽልኝ አመሰግናለሁ አለችኝ። እሷም ያለችበት ከተማ የተመደቡትን የሰው ልጆች በየሳምንቱ እራት እንደምትጠራ ነገረችኝ። የሰው ልጅ ሳበላ የእኔን ልጅ ሰው ያበላልኛል ብዬ ነው አለች።

ይህን ቃል እኔ አውቀዋለሁ። የአያቴ ቃል ነው።

አጎቴ፣ የእናቴ ወንድም፣ በ12 ዓመቱ ከደምቢያ ጠፍቶ ለትምህርት ሄደ። እንዳይመልሱት ብሎ ለማንም አልተናገረም። ደበሎ ለብሶ፣ አኮፋዳ አንግቶ፣ ዜማውንም ቅኔውንም አገር ለአገር እየዞረ ተማረ። ሰባት ዓመት ሙሉ ይሙት ይኑር አልታወቀም። አያቴ በእነዚያ ዓመታት ደጇ የመጣውን ተማሪ ሁሉ እያስቀመጠች ታበላ ነበር። «የሰው ልጅ ባበላ የእኔንም ሰው ያበላልኛል» ትል ነበር። ፊታቸውንም አንድ በአንድ ታያለች። ምናልባት እሱ ቢሆንስ?

በእርግጥ ሁለቱ አንድ አይደሉም። የአይዳሆው ልጅ ሊያስተምር ነው የወጣው፣ የእኛው ሊማር። የዚያ 2 ዓመት ነው፤ ድጓውን፣ ቅኔውን፣ አቋቋሙን፣ መጻሕፍቱን እወጣለሁ ላለ ግን አሥርም አሥራ አምስትም ዓመት አይበቃም። ያም ሆኖ በሰው በር ላይ የቆመ ልጅ ልጅ ነው። የቤቱ ሽታ ይናፍቀዋል።

ባለፈው ጥምቀት ጎንደር ገባሁ። በዓሉ አልፎ እንግዳ ሲሳሳ አንድ ጠዋት ያ ድምፅ መጣ፤ «በእንተ ስማ ለማርያም፣ ስለ ወላዲተ አምላክ»። ቢበዛ 13 ዓመቱ ነው። እግሩ ላይ የውሻ ንክሻ ጠባሳ አለ። እናቴ ትኩስ እንጀራ በወጥ ጠቅልላ ሰጠችው። እንደ ድሮዋ ናት። ደስ አለኝ፤ ዴንቨር ላይ ያፈርኩበት ነገር እዚህ አሁንም በሕይወት አለ። እነዚያ ልጆች እዚህ ሰፈር ቢመጡ ሃይማኖታቸውን ባይቀበላቸውም እንጀራ የሚከለክላቸው የለም።

ግን ሌላው ነገር ከነከነኝ። «እናትህን ካገኘሃት ስንት ጊዜ ሆነህ?» አልኩት።

«ሦስት ዓመት፣ እትዬ።»

«ደውለህላት ታውቃለህ?»

ራሱን ግራና ቀኝ ነቀነቀ።

ማታ አጎቴን ጠየቅኳቸው። ዛሬ መሪጌታ ናቸው። «እናቱን የሚያስብ ልጅ ቀለም አይገባውም ይባል ነበር» አሉኝ። የሞርሞኖቹን ነገር ነገርኳቸው። እነሱም እንደዚያው የልጆቹ ሐሳብ እንዳይከፈል ብለው ነበር ስልኩን የከለከሉት። ከዚያ ፈቀዱ። ዛሬም ልጆቹ በየበሩ ናቸው፤ ሥራው አልቆመም። አጎቴ ብዙ ዝም አሉ። በኋላ «እምዬ እኮ በመጣሁ ጊዜ በመጀመሪያ አላወቀችኝም» አሉ። ሌላ ቃል አልጨመሩም።

እኛ ውጭ ያለን ሰዎች ለቤተ ክርስቲያን እናዋጣለን። ለሕንፃ፣ ለምንጣፍ፣ ለድምፅ ማጉያ። ደግ ነው። ነገር ግን በየአብነት ትምህርት ቤቱ አንድ ስልክና አንድ መዝገብ ቢኖር ስንት ብር ይፈጃል? መዝገቡ ላይ የልጁ ስም፣ የመጣበት ቀበሌ፣ የሚደወልበት ሰው። ቢታመም ለማን ይነገራል? የአይዳሆው ልጅ ጉንፋን ሲይዘው እንኳ እናቱ ታውቃለች። የእኛው ልጅ በወባ ቢወድቅ የሚያስታምመው የጎጆ ጓደኛው ነው፤ እናቱ ዘንድ ወሬው መቼ እንደሚደርስ እግዜር ይወቅ። ድሮ መንገድ አልነበረም ይባል። ዛሬ ገበሬው ኪስ ውስጥ ስልክ አለ። ቀፈፋው፣ በየበሩ እየዞሩ መለመኑ፣ ይቅር አላልኩም፤ ትሕትና የሚማሩበት ነው ይላሉ ያለፉበት፣ አምናቸዋለሁ። ዝምታው ግን የትምህርቱ ክፍል አይመስለኝም።

ልጁ በማግስቱ ሲመጣ ስልኬን አወጣሁ። የጎረቤታቸውን ቁጥር በቃሉ ያውቀዋል። ለሦስት ዓመት አንድም ቀን ያልደወለበትን ቁጥር እንደ ዳዊት ሳይሰናከል አወረደልኝ። ጎረቤትየው አነሳ። እናትየው ገበያ ወርዳለች፣ ማታ ትገኛለች አለ። ልጁ አንገቱን ደፍቶ እንጀራውን ተቀብሎ ሄደ።

ማታ ሊጨልም ሲል በሩ ተንኳኳ። «በእንተ ስማ ለማርያም» አላለም። አኮፋዳውንም አልያዘም። እግሩን ታጥቧል።

«እትዬ፣ ገበያው ተፈቷል» አለኝ።