የታክሲ ጥሪ በየት ይምጣ፤ በራሳችን ሶኬት ወይስ በጉግል በኩል?

የክርክሩ ሐሳብ፦ «የታክሲ ጥሪ አፕ ለሹፌሩ ስልክ ጥሪ ማድረስ ያለበት ከራሱ ሰርቨር ጋር ሁልጊዜ ክፍት በሆነ ሶኬት (ሁለት ፕሮግራሞች በኔትወርክ በሚነጋገሩበት ቀጥተኛ መስመር) ነው።» ደጋፊው የሰርቨር ፕሮግራመር ነው፤ ተቃዋሚዋ የአንድሮይድ አፕ ሠሪ ናት።

ደጋፊው፦

ይህ ማከራከሩ ራሱ ይገርመኛል። መገናኛ የቆመ ተሳፋሪ አለ፤ ሃያ ሁለት ማዞሪያ የቆመ ሹፌር አለ፤ በመካከላቸው የሚያልፈው አንድ አጭር መልእክት ነው። ይህችን መልእክት ባሕር ማዶ ልከን ጉግል መልሶ እንዲሰጠን የምንለምነው ለምንድን ነው? ቲሲፒ አለ፤ ኢንተርኔት ላይ ሁለት ማሽኖች ኮኔክሽን ከፍተው ባይት የሚላላኩበት ደንብ። በሰርቨራችን ላይ የሚያዳምጥ አንድ ፖርት (ቁጥር ያለው መግቢያ በር)፣ ከእያንዳንዱ ስልክ አንድ ኮኔክሽን፤ አለቀ። ከፈለጋችሁ ዌብሶኬት፣ በቲሲፒ ላይ የሚሠራውን የድር ሶኬት፣ አድርጉት፤ እ.ኤ.አ. ከ2011 ጀምሮ ደረጃ የወጣለት ነው፤ በተለመደው 443 ፖርት ያልፋል። ዋትሳፕ እ.ኤ.አ. በ2012 አንድ ሰርቨር 2 ሚሊዮን ኮኔክሽን እንደተሸከመለት ለዓለም አሳውቋል። እኛ ስንት ሹፌር ኖሮን ነው የምንፈራው? ሶኬት ካልተዘጋ ክፍት ነው፤ ጥሪው በዚያው ቅጽበት ይደርሳል። የጉግሉ ኤፍ ሲ ኤም (የአፖችን መልእክት ለስልክ የሚያደርሰው አገልግሎት) ግን «ተቀብያለሁ» ሲልህ ጉግል ተቀበለ ማለት እንጂ ሹፌሩ ተቀበለ ማለት አይደለም። ፋየርቤዝን (ኤፍ ሲ ኤም ያለበትን የጉግል የአፕ መሥሪያ) ከፍቶ መገልበጥ የለመደ ሰው ይህ ልዩነት አይታየውም።

ተቃዋሚዋ፦

«ሶኬት ካልተዘጋ ክፍት ነው።» ጋሼ ይህን የጻፉት ገመድ የተሰካበት ማሽን ፊት ተቀምጠው መሆን አለበት።

ሹፌሩ ጠዋት ከቤቱ ዋይፋይ ወጥቶ ሞባይል ዳታ ውስጥ ሲገባ አይፒ አድራሻው (በኔትወርክ ላይ የሚታወቅበት ቁጥር) ይለወጣል። ቲሲፒ ኮኔክሽን የሚታወቀው በሁለቱ አይፒና በሁለቱ ፖርት ነው፤ ከአራቱ አንዱ ከተለወጠ ያ ኮኔክሽን ሞቷል። ለሰርቨሩ ግን መርዶውን የሚነግረው የለም፤ የመዝጊያ ፓኬት አልተላከለትም። ስለዚህ የእርስዎ ኮድ ጥሪውን ሲጽፍ ስህተት አያገኝም። ባይቶቹ ከርነሉ (የሰርቨሩ ስርዓተ ክወና፣ የሊኑክስ፣ እምብርት) ውስጥ ይቀመጣሉ፤ ሊኑክስ እየደጋገመ ይልካል፤ በነባሪ ቅንብሩ ተስፋ የሚቆርጠው ከሩብ ሰዓት ገደማ በኋላ ነው። ኪፕአላይቭ (ቲሲፒ ራሱ ኮኔክሽኑ መኖሩን የሚፈትሽበት) አለ እንዳይሉኝም፤ በነባሪው የመጀመሪያው ፍተሻ የሚላከው ከ7200 ሰከንድ ዝምታ በኋላ ነው። በ2 ሰዓት ውስጥ ተሳፋሪው በሚኒባስ ቤቱ ገብቶ እራቱን በልቷል።

ቴሌኮሙም አለ። አንዱን የሕዝብ አይፒ ለብዙ ደንበኛ ስለሚያካፍል ዝም ያለ ኮኔክሽንን ከመዘገበበት ሰንጠረዥ ያወጣዋል፤ ለማንም አይነግርም። አንድሮይድ ደግሞ እ.ኤ.አ. ከ2015 ወዲህ፣ ከ6ኛው እትም ጀምሮ፣ ሳይነካ የተቀመጠን ስልክ ሲያስተኛ የአፖችን ኔትወርክ ይዘጋል። ያኔ ሊቀሰቅሰው የሚችለው ከፍተኛ ቅድሚያ የተሰጠው የኤፍ ሲ ኤም መልእክት ነው። በነገራችን ላይ ያመጡት ዋትሳፕም አንድሮይድ ላይ የተኛ ስልክ የሚያነቃው በዚሁ ነው።

ደጋፊው፦

ልጄ፣ አንድ ዓረፍተ ነገር ይዘሽ ትግል ገጠምሽ። ፒንግ የሚባል፣ «አለህ ወይ?» ብሎ መልስ የሚጠብቅ አጭር መልእክት መኖሩን የምታውቂ መስሎኝ ነበር የዘለልኩት። በዌብሶኬት ባዶ ፒንግ ከሰርቨር ሲወጣ 2 ባይት ነው፤ ከስልክ ሲወጣ 6። በየ30 ሰከንዱ ላኪ፤ መልስ ካልመጣ ዝጊና እንደገና ክፈቺ። ስትከፍቺም በ1፣ በ2፣ በ4፣ በ8 ሰከንድ እያራዘምሽ፣ ላዩ ላይ በዕጣ የሚወጣ ትንሽ መዘግየት ጨምረሽ፤ አለዚያ ኔትወርክ ጠፍቶ ሲመለስ ስልኩ ሁሉ በአንድ ጊዜ ሰርቨሬ ላይ ይወርዳል። ይህ ሁሉ የታወቀ ነገር ነው።

ስለ እንቅልፉ ደግሞ፦ የሹፌር ስልክ ቀኑን ሙሉ መኪናው ቻርጀር ላይ ነው። ቻርጅ ላይ ያለ ስልክ አይተኛም። ታክሲ ተሳፍረሽ አታውቂም?

ለመሆኑ ኤፍ ሲ ኤምሽ በምን የሚመጣ ይመስልሻል? ስልኩ ከጉግል ጋር በ5228 ፖርት ከፍቶ በያዘው ቲሲፒ ኮኔክሽን ነው። ሶኬት! የጉግል ሲሆን ቅዱስ፣ የኛ ሲሆን እርኩስ?

ተቃዋሚዋ፦

መጀመሪያ «ልጄ» ይቅርብኝ። አባት አለኝ፤ እሱ እንኳ ስለ ኮዴ እንዲህ አይናገረኝም።

«ካልተዘጋ ክፍት ነው» ያሉት ሰው አሁን በየ30 ሰከንዱ «አለህ ወይ?» እያሉ በር ሊያንኳኩ ነው። ክፍት ከሆነ ምን ያስጠይቃል? እና 6 ባይት አይደለም፤ ከእያንዳንዱ ፓኬት ፊት የሚለጠፈው የአይፒና የቲሲፒ ራስጌ ብቻውን ቢያንስ 40 ባይት ነው። ባይቱንም ተዉት። ሞደሙ (ስልኩን ከኔትወርኩ ጋር የሚያገናኘው ክፍል) አንዴ ከነቃ በኋላ ወዲያው አይተኛም፤ በኤል ቲ ኢ (4ጂ) ላይ ከ10 ሰከንድ በላይ የሚቆይበት ጊዜ አለ። በየ30 ሰከንዱ ከቀሰቀሱት እረፍቱ የቱ ጋ ነው? የጉግሉ ኮኔክሽን ሶኬት መሆኑን መች ካድኩ? ግን አንድ ነው፤ ስልኩ ላይ ያለው አፕ ሁሉ ይጋራዋል። እርስዎ የሚሉት እያንዳንዱ አፕ የየራሱን ይክፈት ነው።

ደጋፊው፦

እ.ኤ.አ. ከ2019 ማዕቀብ በኋላ የወጡ የሁዋዌ ስልኮች የጉግል አገልግሎት የላቸውም። ያ ሹፌር ምን ይሁን? በሌላ በኩል አንድሮይድ ራሱ ፎርግራውንድ ሰርቪስ (አፕ ለተጠቃሚው እየታየ ሥራውን የሚቀጥልበት መንገድ) ሰጥቶናል፤ ሹፌሩ «ሥራ ላይ ነኝ» ሲል ከላይ ኖቲፊኬሽን ይለጠፋል፣ አፑም በቀላሉ አይገደልም።

በየትኛውም መንገድ ይምጣ፣ የአፕ ሠሪዎች ችግር ሶኬት ማንበብ አለመቻላቸው ነው። በቅርቡ አንድ ኮድ አየሁ። ከእያንዳንዱ መልእክት በፊት ርዝመቱን ይልካል፤ ጥሩ ነው። ርዝመቱን ግን የቆጠረው በፊደል ነው! «ገርጂ» ብሎ ሲልክ 3 ብሎ ይጽፋል። የግዕዝ ፊደል በዩቲኤፍ-8 (ፊደልን ወደ ባይት በሚቀይረው ደረጃ) እያንዳንዱ 3 ባይት ስለሆነ የሚላከው 9 ነው። ተቀባዩ 3 ባይት ያነብና ሹፌሩ ስክሪን ላይ «ገ» ብቻ ትወጣለች፤ የቀሩት 6 ባይቶች የሚቀጥለው መልእክት ርዝመት ተብለው ይነበባሉ፣ ከዚያ በኋላ ሁሉም ትርምስ ነው። በእንግሊዝኛ ሲሞክሩት ስለሠራ ለገበያ አወጡት። ይህን የሚጽፍ ሰው ነው ሶኬት አይሆንም የሚለን?

ተቃዋሚዋ፦

ያን ኮድ እኔ አልጻፍኩትም፤ ማን እንደጻፈውም አላውቅም። ይልቅ ላመስግንዎት፤ ከዚህ የተሻለ ማስረጃ ላቀርብ አልችልም ነበር። «አንድ ፖርት፣ አንድ ኮኔክሽን፤ አለቀ» ብለው ነበር። አላለቀም! ቲሲፒ የባይት ጅረት ነው፤ መልእክት የት ጀምሮ የት እንደሚያልቅ አያውቅም፤ ያንን ራስዎ መሥራት አለብዎት። «ገርጂ»ን «ገ» ያደረጋት እኮ የራስን ፕሮቶኮል ከባዶ የመጻፍ ኩራት ነው።

ደግሞ ሐሳቡን መልሰው ያንብቡት። «ሁልጊዜ ክፍት» ይላል። አሁን «ሥራ ላይ ነኝ ሲል» አሉ። የቱን ልከራከር?

ደጋፊው፦

ሥራ ላይ ያልሆነ ሹፌር ለምን ተብሎ ይጠራል? ቃል መሰንጠቅ ነው። ዋናው ጉዳይ ማረጋገጫው ነው፤ ከመጀመሪያው ያልኩትም ይህንኑ ነው። እያንዳንዱ ጥሪ መለያ ቁጥር ይኑረው፤ የሹፌሩ አፕ «ደርሶኛል» ብሎ ቁጥሩን ይመልስ፤ በ10 ሰከንድ ካልመለሰ ጥሪው ለሚቀጥለው ሹፌር ይሂድ። የቲሲፒ ማረጋገጫ ባይቱ ስልኩ መድረሱን እንጂ ሹፌሩ ማየቱን አይነግርም።

ተቃዋሚዋ፦

ይሄ በኤፍ ሲ ኤምም ይሠራል። ደርሶኛል የሚለውን በተራ ኤችቲቲፒ (ድረ ገጽ በሚከፈትበት ዓይነት ጥያቄ) እመልሳለሁ። ታዲያ ሶኬቱ ለምን አስፈለገ?

ደጋፊው፦

ለፍጥነት፤ በየጥቂት ሰከንዱ ሹፌሩ ያለበትን ቦታ ለመቀበልም። እሺ፣ ይታረቅ ካልሽ፦ ሶኬቱ ክፍት ከሆነ በሶኬት፤ በ3 ሰከንድ መልስ ካልመጣ ያንኑ ጥሪ በዚያው ቁጥር በኤፍ ሲ ኤም።

ተቃዋሚዋ፦

እኔ እርቅ አልጠየቅኩም። ግን ይሁን፤ የዘገየው የሶኬት ጥሪና የኤፍ ሲ ኤሙ ጥሪ ተከታትለው ሲደርሱ ስልኩ ሁለቴ እንዳይጮህ ቁጥሩን አይቶ ሁለተኛውን የሚጥለው ማን ነው? አፑ ነው። አሮጌውን ሶኬት ዘግቶ በአዲሱ አይፒ የሚከፍተውም አፑ ነው። ሰርቨሩ ላይ የቀረልዎት ሥራ 3 ሰከንድ መቁጠር ነው፤ እሱን ደግሞ በባይት እንዳይቆጥሩት።