ኧርሊ ዲሲዥን፦ ልጃችን ይፈርም ወይስ ይቅርበት?

ከአሌክሳንድሪያ (ቨርጂኒያ፣ አሜሪካ)፦ ልጃችሁ አንድ ኮሌጅ ከልቡ ከወደደ በኧርሊ ዲሲዥን፣ ማለት ከተቀበሉኝ እገባለሁ ብሎ በሚፈርምበት ቅድመ ማመልከቻ፣ ያመልክት። ማመልከቻው አብዛኛውን ጊዜ ኖቬምበር 1 ይዘጋል፤ መልሱ በዲሴምበር አጋማሽ ይመጣል። የአዲስ ገቢ ቦታቸውን ግማሽና ከዚያም በላይ በዚህ በር የሚሞሉ የግል ኮሌጆች አሉ። የኛ ልጆች ግን የጃንዋሪውን የመደበኛ ማመልከቻ ሰልፍ ይጠብቃሉ። ፊርማው አያስፈራችሁ፣ ወረቀት ነው።

ከሲልቨር ስፕሪንግ (ሜሪላንድ)፦ «ወረቀት ነው»? ልጁ፣ ወላጁና የትምህርት ቤቱ አማካሪ ሦስቱም የሚፈርሙበት? ከተቀበሉህ ሌላውን ማመልከቻ ሁሉ ሰርዘህ እገባለሁ ማለት እኮ ነው። እኔ ከሌሊት ሥራ ገብቼ፣ ልጄ «እማዬ፣ እዚህ ጋ ፈርሚ» ስትለኝ ፈረምኩ። ኮሌጁ የሚሰጠን የገንዘብ እርዳታ ደብዳቤ ሲመጣ የምናወዳድርበት ሌላ ደብዳቤ አልነበረንም። አባቴ ለሰው ዋስ ሆኖ ፈርሞ ዕዳውን ስንት ዓመት ከፍሏል። በኛ ቤት ፊርማ ወረቀት አይደለም።

ከአሌክሳንድሪያ፦ እህቴ፣ አንዲት ቃል ነጥለው ያዙብኝ። እርዳታው ካልበቃ ከውሉ ልቀቁን ብሎ መጠየቅ ይቻላል። ደግሞ የፌደራል እርዳታ የሚቀበሉ ኮሌጆች ከ2011 ጀምሮ የወጪ መገመቻ ድረ ገጻቸው ላይ እንዲያወጡ ሕግ ያስገድዳቸዋል። ሳይፈርሙ ማየት ይቻላል።

ከሲልቨር ስፕሪንግ፦ አሁን «ወረቀቱ» «ውል» ሆነ። ልቀቁን ብሎ የሚጠይቀው ማን ነው? ልጄ እያለቀሰች ደውዬ «አንችልም» ልበል? አፈርኩ። ሜሪላንድ ዩኒቨርሲቲ ኧርሊ አክሽን አለው፤ ቀድመው ያመለክታሉ፣ አያስርም፣ እስከ ሜይ 1 ያስባሉ። ሃርቫርድና ፕሪንስተን እንኳ በ2006 አቅም የሌላቸውን ልጆች ይጎዳል ብለው ቅድመ ማመልከቻን አስቀርተው ነበር። በ2011 ሲመልሱትም የማያስረውን ነው የመረጡት።

ከአሌክሳንድሪያ፦ የሀብታም ጠበቃ አያድርጉኝ። ታክሲ ነው የምነዳው። ልጄ በዚሁ በር ገብቷል፤ መጀመሪያ የሰጡት አልበቃንም፣ ደወልኩ፣ ጨመሩልን። የጎዳን ማፈራችን ነው።

ከሲልቨር ስፕሪንግ፦ ማፈሬን አይንኩብኝ። ደውዪ ያለኝ ሰው አልነበረም። ታናሿ ዘንድሮ 12ኛ ክፍል ናት፤ ቁጥሩን በዓይኔ ሳላይ አልፈርምም። እርስዎ ግን ደውለው ምን እንዳሉ ለምን ከመጀመሪያው አልጻፉልንም?

ከአሌክሳንድሪያ፦ እሱስ እውነትዎን ነው። አገር ቤት ለእናቴ በየወሩ የምልከውን ገንዘብ ነገርኳቸው። የእርዳታ ፎርሙ ላይ አልሞላሁትም ነበር። በደብዳቤ አስረዳ አሉኝ፤ የሐዋላ ደረሰኞቹን አያይዤ ላክሁ። የእርስዎንም አይጣሉ።