አምደኛው ከመልበሻ ክፍሉ ደጃፍ ሲጠፋ

የአንድ ከተማ የስፖርት አምደኛ ስም የሚገነባው በብዕሩ ድፍረት ነው የሚለውን አስተያየት በአክብሮት እቃወማለሁ፤ አንባቢ የሚያምነው የተቸውን ሰው በማግስቱ ፊት ለፊት የሚያገኘውን ጸሐፊ ነውና። የአሜሪካው ቺካጎ ሰን ታይምስ ጋዜጣ የስፖርት አምደኛ የነበሩት ጄይ ማሪዮቲ ለ17 ዓመታት የከተማዋን አሰልጣኞችና የክለብ ባለቤቶች ያለ ፍርሃት ተችተዋል። እ.ኤ.አ. በ2006 የዋይት ሶክስ ቤዝቦል ቡድን አሰልጣኝ ኦዚ ጊየን በጸያፍ ቃል ሰድበዋቸው በሊጉ ተቀጥተዋል፤ ቅጣቱም ተገቢ ነበር። ይሁን እንጂ አምደኛው ወደ ቡድኑ መልበሻ ክፍል ብቅ ሳይሉ ይጽፋሉ የሚለው የአሰልጣኙ ቅሬታ በስድቡ ምክንያት ተድበስብሶ መቅረቱ እስከ ዛሬ ያሳዝነኛል።

ከዚህ ይልቅ የከበደው ትችት ከማሪዮቲ የገዛ ጋዜጣ የመጣው ነው። በ2008 ከቤጂንግ ኦሊምፒክ መልስ፣ የስፖርት ጋዜጠኝነት የወደፊት ዕጣ በኢንተርኔት ላይ ነው ብለው በድንገት ሲለቁ፣ የዚያው ጋዜጣ አንጋፋ የፊልም ሐያሲ ሮጀር ኢበርት አካሄዳቸውን በግልጽ ደብዳቤ አጥብቀው ነቀፉ። ጋዜጣው በገንዘብ እጦት በሚንገዳገድበት በዚያ ወቅት፣ በጠረጴዛቸው የቀሩት ባልደረቦች ምን ያህል እንደተጎዱ ደብዳቤው በሚገባ ያሳያል።