ንግድን የሚያሳድገው የቅርብ ዘመድ ብቻ አይደለም

«ደብረ ብርሃን ላይ ዘመድ የሌለው ነጋዴ አያድግም» የሚለው አስተያየት እዚህ ተደጋግሟል። ወገኖቼ፣ በአክብሮት ላርም። ዘመዶቻችን የሚያውቁትን ሰው አብዛኛውን ጊዜ እኛም እናውቀዋለን፤ አዲስ ገበያ የሚጠቁመን ራቅ ያለ የሥራ ትውውቅ ነው። የሶሲዮሎጂ ምሁሩ ማርክ ግራኖቬተር እ.ኤ.አ. በ1973 ባሳተመው የአሜሪካ ጥናት፣ በሰው ጥቆማ ሥራ ያገኙት ባለሙያዎች አብዛኞቹ ጠቋሚያቸውን አዘውትረው አያገኙትም ነበር። ጥናቱ ስለ ቅጥር ቢሆንም ምክንያቱ ለንግድም ይሠራል።

ማረጋገጥ የሚፈልግ የትዕዛዝ ደብተሩን ገልጦ በየደንበኛው ስም አጠገብ ማን እንደላከው፣ ዘመድ ይሁን የሥራ ትውውቅ፣ ይጻፍ። የመንዝ ባና (ከበግ ፀጉር የሚሠራ ብርድ ልብስ) የሚሸጥ ከሆነ ሱፍ አቅራቢውንና የሆቴሉን ዕቃ ገዢ ሳይዘነጋ ይቁጠር። የሚያሳዝነኝ፣ ይህን አባባል አምኖ ለቀድሞ የሥራ ባልደረባው ስልክ ሳይደውል ሱቁን የሚዘጋው ወጣት ነው።