ጠጠሩ መንገድ አስፋልት እስኪለብስ አንጠብቅም

ባለፈው ሳምንት ጠዋት ሬዲዮ ከፍቼ ነበር። ስለ ቱሪዝም ይወራል። አንድ እንግዳ ስለ ብስክሌት ተጠየቁ፤ ስማቸውን አልጠቅስም። መልሳቸው አጭር ነበር። ብስክሌት ደን ውስጥ መግባት የለበትም፣ መሬቱን ያርሰዋል አሉ። ደግሞም በአቧራና በጠጠር ላይ ብስክሌት ሊነዳ የሚመጣ ቱሪስት የለም፤ መጀመሪያ አስፋልቱ ይግባ፣ ከዚያ እናወራለን አሉ። ጠያቂው አመስግኖ ወደ ሌላ ጥያቄ አለፈ። እኔ ግን ማለፍ አልቻልኩም።

ያልቻልኩት በምክንያት ነው። ከሁለት ወር በፊት እኔና ሦስት ጓደኞቼ ከከተማ ብዙም ከማይርቅ አንድ ደን በር ላይ በዚሁ ሰበብ ተመልሰናል። በአዲስ መመሪያ ብስክሌት ተከልክሏል ተባልን። እኛ ቆመን ስንለምን ሁለት ፒካፖች ገቡ። አንድ እንጨት የጫነ አይሱዙ ደግሞ ወጣ። ማንም አላስቆማቸውም። እኛ ሞተርም ጭስም የሌለን አራት ሰዎች፣ የመግቢያውን ብር በእጃችን እንደያዝን ወደ አስፋልቱ ተመለስን።

ቱሪስት አይመጣም ከሚለው ልጀምር። ይህ ፍጹም ስህተት ነው።

አሜሪካ ውስጥ፣ ካንሳስ በሚባለው ግዛት፣ ኤምፖሪያ የምትባል ትንሽ ከተማ አለች። ተራራ የላትም። ባሕር የላትም። ያላት በግጦሽ መሬት መሃል የሚያልፍ ጠጠር መንገድ ነው። እ.ኤ.አ. በ2006 ጥቂት ሰዎች 200 ማይል፣ ማለትም 320 ኪሎ ሜትር ገደማ፣ በዚያ ጠጠር ላይ ሊጋልቡ ተሰበሰቡ። ዛሬ በየዓመቱ በሺዎች የሚቆጠሩ ብስክሌተኞች ይመጣሉ። የመጡት ለጠጠሩ ነው። የዓለም ብስክሌት ማኅበርም ከ2022 ጀምሮ ለጠጠር መንገድ ብቻ የተለየ የዓለም ሻምፒዮና ያዘጋጃል። ጎረቤታችን ኬንያ ከ2021 ጀምሮ በማሳይ ማራ የጠጠር መንገድ ውድድር ታካሂዳለች። ሩዋንዳ በአስፋልትም በጠጠርም የሚያልፍ፣ 1,000 ኪሎ ሜትር ገደማ የሚረዝም ጉዞ አላት። በ2025 ደግሞ ኪጋሊ የዓለም የጎዳና ብስክሌት ሻምፒዮናን አስተናገደች። በአፍሪካ ምድር የመጀመሪያው ነው። እንግዳው ይህን ካልሰሙ፣ ሳያጣሩ በሬዲዮ ባይናገሩ ይሻል ነበር።

ግራቭል የሚባለው ብስክሌት እኮ የተሠራው ለዚሁ መንገድ ነው። መሪው እንደ እሽቅድምድም ብስክሌት የታጠፈ ነው። ጎማው ግን ሰፊ ነው፤ ብዙ ጊዜ 40 ሚሊ ሜትርና ከዚያ በላይ። ነፋሱ ቀነስ ይደረግና ኮረኮንቹን ይውጠዋል። ለዚህ ሰው አስፋልት እስኪገባ ጠብቅ ማለት፣ ዓሣ አጥማጁን ሐይቁ እስኪደርቅ ጠብቅ እንደ ማለት ነው።

እና እኛ ምን አለን? ባሌን ብቻ ልንገራችሁ። ከጎባ ተነስቶ ሳነቴ አምባ ላይ የሚወጣው መንገድ ከ4,000 ሜትር በላይ ያልፋል። ከታች ጽድና ኮሶ። ወጣ ሲሉ አስታ። ከዚያ ዛፍ ያልቅና ጅብራ ብቻውን በብርድ ውስጥ ቆሞ ይታያል። ዕድለኛ የሆነ ቀይ ቀበሮ አይጥ ስታድን ያያል። በዓለም ላይ የቀሩት 500 ገደማ ናቸው፤ ከግማሽ በላዩ ባሌ ውስጥ ነው። ከአምባው ጫፍ መንገዱ ቁልቁል ይጠማዘዝና ሐረና ደን ውስጥ ይገባል። ጉም፣ ሽበት ያበቀለ የሚመስል ዛፍ፣ ቀርከሃ፣ ዝቅ ሲሉም ማንም ያልተከለው የጫካ ቡና። ከብርዱ እስከ ቡናው ያለው ጉዞ በአንድ ቀን በብስክሌት ያልቃል። የባሌ ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ በመስከረም 2016 ዓ.ም. በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል። ይህን ያህል ነገር በአንድ መንገድ ላይ የሰበሰበ አገር ስንት ነው? በመኪና ያለፈ ሰው አቧራውን ያስታውሳል። በብስክሌት ያለፈ ግን ሽታውን ሁሉ ያስታውሳል። ደኑ ውስጥ ሪራ መንደር ላይ ቆሞ ሻይ ይጠጣል፣ ማር ይገዛል፣ ጎማው ቢፈነዳ ልጆች ይከቡታል፣ እዚያው ያድራል። ብሩ ለገበሬው ሚስት እጅ በእጅ ይደርሳል። መኪናው አቧራ አልብሷት ያልፋል።

አሁን ወደ ማረሱ ጉዳይ። እዚህ ላይ ትንሽ ልዘገይ።

ጠጠር መንገድን የሚገድለው ማን እንደሆነ ገጠር ያደገ ሁሉ ያውቃል። የመጀመሪያው ውኃ ነው። ቦዩ ሳይጠረግ ክረምት ይገባል፣ ጎርፉ መንገዱን አቋርጦ ይፈሳል፣ ጠጠሩን ጠርጎ ይወስደዋል። ሁለተኛው ከባድ መኪና ነው። እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ መጨረሻ አሜሪካ ውስጥ፣ ኢሊኖይ ላይ፣ ትልቅ የመንገድ ሙከራ ተደርጎ ነበር። ከዚያ የወጣው ሒሳብ እስከ ዛሬ መሐንዲሶች የሚያውቁት ነው፦ አንድ አክስል፣ ማለትም ጎማዎቹ የሚዞሩበት ዘንግ፣ የሚሸከመው ክብደት በእጥፍ ሲያድግ፣ በመንገዱ ላይ የሚያደርሰው ጉዳት 16 እጥፍ ገደማ ይሆናል። ሒሳቡ የተሠራው አስፋልትና ኮንክሪት ላይ ነው፤ ጠጠር ላይ ልኩ ይለያይ ይሆናል። ግን እስቲ አስቡት። እኔና ብስክሌቴ አንድ ላይ 90 ኪሎ አንሞላም። ለሁለት ጎማ ስናካፍለው 45 ኪሎ ነው። የተጫነው አይሱዙ የኋላ አክስል በቶን ነው የሚቆጠረው። ልዩነቱ እጥፍ አይደለም፣ አሥር እጥፍም አይደለም። በዚያ ሒሳብ ብትሄዱ እኔ አንድ አይሱዙ የሚያደርሰውን ጉዳት ለማድረስ ዕድሜዬን በሙሉ ብጋልብ አልደርስበትም። ታዲያ በሩ ላይ የቆምኩት እኔ ነኝ፤ ያለፈው እሱ ነው። ይህን እንግዳው ያስረዱኝ።

የእግር መንገዱም ላይ ቢሆን ተጠንቷል። እ.ኤ.አ. በ1994 የወጣ የሞንታና ጥናት ፈረስን፣ እግረኛን፣ ሞተርንና ብስክሌትን በአንድ ዓይነት መንገድ ላይ አወዳድሯል። አፈሩን ይበልጥ ያላቀቁት ኮቴና እግር ነበሩ እንጂ ጎማ አልነበረም። ፈረስን እንከልክል እያልኩ አይደለም። በቅሎም አህያም የመንገዱ ባለቤቶች ናቸው። ግን ብስክሌትን ለይቶ ጥፋተኛ ማድረግ ግፍ ነው። እንጦጦ ፓርክ በ2013 ዓ.ም. መጀመሪያ ሲከፈት የብስክሌት መንገድ ይዞ ነው የተከፈተው። ባሕር ዛፉ እስከ ዛሬ እንደቆመ ነው።

ደግሞ ብስክሌት የውጭ ሰው ነገር ተደርጎ ሲወራ ያመኛል። ባሕር ዳርን ያየ፣ ሐዋሳን ያየ ሰው ይህን አይልም። ተማሪው፣ ወዛደሩ፣ ነጋዴው በብስክሌት ነው የኖረው። ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በ1956 ሜልቦርን ላይ ለመጀመሪያ ጊዜ ኦሊምፒክ ስትገባ የተወዳደረችው በሁለት ስፖርት ነው፤ በአትሌቲክስና በብስክሌት። ብስክሌተኛው ጽጋቡ ግርማይ እ.ኤ.አ. በ2016 በታላቁ የፈረንሳይ የብስክሌት ውድድር፣ ቱር ደ ፍራንስ ላይ የተሰለፈ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ሆኗል። ቀጣዩ ልጅ የት ነው የሚለማመደው? አይሱዙና ሚኒባስ በሚሽቀዳደሙበት አስፋልት ላይ ነው? ልጆቻችንን ከደኑ በር መልሰን ወደዚያ መላክ ጥንቃቄ አይባልም።

አንድ ነገር እቀበላለሁ። ሐምሌና ነሐሴ ላይ ጭቃው ሲለሰልስ ቀጭን የእግር መንገድ ላይ ጎማ መግባት የለበትም። ቦይ ይሠራል፣ ውኃውም በቦዩ ይሄዳል። በክረምት ይዘጋ፣ አልከራከርም። እናቶች እንጨት ተሸክመው በሚወርዱበት ቁልቁለትም ብስክሌተኛው ወርዶ መግፋት አለበት። ሰላም በሌለበት አካባቢ ደግሞ ማንም ማንንም እንዲልክ አልጠይቅም። ከዚህ ውጭ ያለው ክልከላ ግን ለጥበቃው ሥራ ከማቅለል በቀር ለዛፉ አንድም ጥቅም የለውም።

የምንጠይቀው አስፋልት አይደለም፤ በጀትም ብዙ አያስፈልገውም። መኪና በሚገባበት የደን መንገድ ብስክሌት ይግባ። መገንጠያዎቹ ላይ በቀለም የተጻፈ ምልክት ይተከል። የመግቢያው ገንዘብ ከፊሉ ለአካባቢው ቀበሌ ይሁን፣ ወጣቶቹም በዚያ ክፍያ ቦዩን ይጥረጉ። ያ ክልከላ የተጻፈበት መመሪያም በሩ ላይ ይለጠፍና ምክንያቱን እንየው።

ጥቅምት ሲገባና መሬቱ ሲጠና እኔና ሦስቱ ጓደኞቼ ወደዚያው በር እንመለሳለን። ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ፣ ሄልሜታችንን አድርገን፣ የመግቢያውን ብር ይዘን። ከልካዩ ምክንያቱን በጽሑፍ ያሳየን።