ቀስትና ባሩድ በአንድ ጫካ፣ በአንድ ሳምንት?

ይህን ነገር በሆዴ ይዤ ብዙ ቆየሁ፤ ዛሬ ግን ይውጣልኝ። ኮሎራዶ ውስጥ የምታድኑ ሐበሾች ወዲያው ትረዱኛላችሁ። አደን የማታውቁም አንብቡልኝ፣ የሰው ሕይወት ያለበት ጉዳይ ነው።

እዚህ የአጋዘን የቀስት አደን በአብዛኛው ቦታ ከሴፕቴምበር 2 እስከ 30 ነው። ሲሰሙት ወሩ በሙሉ የቀስተኛ ይመስላል። ነገር ግን አጋማሹ ላይ ለ9 ቀን የማዝልሎደር አዳኞች፣ ማለትም ባሩድና እርሳስ በአፈሙዙ የሚጎርስ ጠመንጃ የያዙት፣ እዚያው ጫካ ይገባሉ። ያው ተራራ፣ ያው አጋዘን፣ ያው ማለዳ!

እኔ አጋዘኑ ሠላሳ ሜትር ያህል ካልቀረበኝ ቀስቴን አልስብም። ለዚያ ደግሞ ቅጠል የመሰለ ልብስ ለብሼ፣ ነፋሱን ፊት ለፊት ተቀብዬ፣ ሳልነቃነቅ ሰዓታት መቀመጥ አለብኝ። ኤልክ፣ ማለትም የአጋዘንን ትልቅ ዘመድ፣ የሚያድኑት ጓደኞቼማ የእንስሳውን ድምፅ እያስመሰሉ ይጣራሉ። እስቲ አስቡት፦ ከቁጥቋጦው የማይለይ፣ እንደ ኤልክ የሚጮህ ሰው እዚህ አለ፤ ማዶ ደግሞ ያንኑ ድምፅ ተከትሎ የሚመጣ ባለጠመንጃ። ሕጉ ፀሐይ ከመውጣቷ ግማሽ ሰዓት በፊት ጀምሮ መተኮስ ይፈቅዳል። ማዝልሎደር ላይ አጉሊ መነጽር መግጠም ደግሞ ክልክል ነው፤ ድንግዝግዝ ባለው ብርሃን በባዶ ዓይን ነው የሚነጣጠረው።

ከሁሉ የሚያንገበግበኝ የልብሱ ሕግ ነው። ባለጠመንጃው ከወገቡ በላይ ቢያንስ 500 ስኩዌር ኢንች ደማቅ ብርቱካናማ ወይም ሮዝ መልበስ፣ በዚያው ቀለም ኮፍያ ማድረግም ግዴታው ነው። የቀስት ፈቃድ የያዘው ግን በእነዚያ 9 ቀናትም አይገደድም። ተኳሹ ከሩቅ ይታያል፣ ጥይቱ ሊያገኘው የሚችለው ሰው ግን አይታይም! ይህን ያጸደቁ ሰዎች አንድ ቀን እዚያ ጫካ ውስጥ ቢቀመጡ ምን ይሉ ነበር?

ደግሞ የፈጠራ ስጋት አይደለም። በ2021 ሴፕቴምበር፣ ሪኮ ከምትባለው ትንሽ ከተማ አቅራቢያ፣ አንድ ቀስተኛ በማዝልሎደር አዳኝ ተመትቶ ሞቷል። ተኳሹ ኤልክ ያየ መስሎት ነበር። ያኔ ብዙ ተወራ፣ ወቅቶቹ ይለያዩ ተባለ። ከዚያ በኋላ ከ2025 እስከ 2029 የሚያገለግለው የአደን ወቅት ዕቅድ ወጣ፤ ሁለቱ አሁንም እንደተደራረቡ ናቸው።

ባለፈው ዓመት እኔም ቀምሼዋለሁ። አጋዘኖቹ ቀስ ብለው ወደ እኔ እየወረዱ ሳለ ከጎኔ ካለው ሸንተረር ጠመንጃ አጓራ። መንጋው ተበተነ። እኔ ግን ስለ አጋዘኑ ሳይሆን ያ ጥይት ወዴት እንደሄደ ነበር የማስበው። በዚህ ላይ የአጋዘን ፈቃድ በዕጣ ነው፣ ከ1999 ጀምሮ በቁጥር የተገደበ ነው። ጥሩ ቦታ እንዲደርሰን፣ ዕጣው ሳይወጣልን ሲቀር የሚሰጠንን ነጥብ ለዓመታት የምናጠራቅም አለን፤ ያቺን ዕድል እንዲህ ስትበላሽ ማየት ያማል።

የማዝልሎደር ወንድሞቼን አልጠላም። እነሱም አንድ ጥይት ተኩሰው እንደገና ባሩድ እስኪያጎርሱ አጋዘኑ የት በደረሰ፤ ልፋታቸውን አከብራለሁ። ያለ ራይፍል፣ ማለትም ያለ ዘመናዊ ጠመንጃ፣ ጋጋታ ማደን ይገባቸዋል። ግን ከኦክቶበር መጀመሪያ እስከ መጀመሪያው የራይፍል ወቅት ድረስ ክፍት ቀናት አሉ፣ ለምን ወደዚያ አይዛወሩም? እንስሳቱ በመሃል ማረፍ አለባቸው የሚለው ክርክር ውኃ ያነሳል፣ አልክድም። እንግዲያው የቀስቱን ወቅት ጥቂት ቀናት ቀንሱት! እኔ ቀስተኛው ነኝ ይህን የምለው። ሰው ከሚሞት ቀኔ ይጠር።

ይህም ካልሆነ በእነዚያ 9 ቀናት ሁላችንም ብርቱካናማ እንድንለብስ ይታዘዝ። «ቀለሙ አጋዘኑን ያስበረግጋል» የምትሉ ቀስተኞች፣ የአጋዘን ዓይን ብርቱካናማን ከአረንጓዴ አይለይም፤ አጥርቶ የሚያየው ሰማያዊን ነው። የሚያስበረግገው እንቅስቃሴና ሽታ ነው።

በዚህ ሴፕቴምበር የምትወጡ ወገኖቼ፣ ሕጉ ባያስገድዳችሁም ኮፍያውንና ሰደርያውን ልበሱ። የቀጣዩ ዕቅድ ውይይት ሲከፈት ደግሞ የሐበሻ አዳኝም አስተያየቱን ይጻፍ። እንግሊዝኛው ለሚከብደው እኔ እጽፍለታለሁ፣ በውስጥ መስመር አናግሩኝ።