ዕቃውን ተረክባችኋል፣ ገንዘቡስ?

ኧረ በፈጣሪ ገንዘባችንን ክፈሉን! ይህን የምለው ለአንድ የመንግሥት መሥሪያ ቤት ብቻ አይደለም። ከእኛ ከትንንሾቹ ወረቀት፣ ቶነር፣ ቦክስ ፋይል፣ ባነርና ሰርተፊኬት እየወሰዳችሁ "ክፍያው በሂደት ላይ ነው" ለምትሉ ሁሉ ነው።

ያለነው ቱሉ ዲምቱ ነው። ኮንዶሚኒየም ሥር ባለች ጠባብ ማተሚያ ቤት ውስጥ እኔ፣ እህቴና ሁለት ልጆች እንሠራለን። እውነቱን እንነጋገር ከተባለ ሕጉ በእኛ ላይ አልጨከነም። ተደራጅተን ስንወዳደር የጨረታ ማስከበሪያ ሲፒኦ (ባንክ የሚያረጋግጠው የክፍያ ማዘዣ) ባይኖረን ካደራጀን አካል የዋስትና ደብዳቤ ማቅረብ እንችላለን፤ ለጥቃቅንና አነስተኛ የሚደረግ ልዩ አስተያየትም አለ። ኢጂፒ የሚሉት የኤሌክትሮኒክ ግዥ ሲመጣም ከልቤ ደስ ብሎኛል። ጨረታ ወጣ አልወጣ እያልኩ በየማስታወቂያ ሰሌዳው ከመንከራተት ገላግሎኛል፤ መብራትና ኔትወርክ ካለ ሱቄ ቁጭ ብዬ አያለሁ። ይህ ሁሉ ግን ሥራው እስኪገኝ ነው። ከርክክብ በኋላ ምን እንደምንሆን ዞር ብሎ የሚያየን የለም።

ዕቃው ንብረት ክፍል ይገባል፣ ይቆጠራል፣ ይፈተሻል፣ ሞዴል 19 የሚባለው የገቢ ደረሰኝ ይቆረጥለታል። ከዚያ ወዲያ የእኔ አይደለም፣ የመንግሥት ንብረት ነው። ወረቀቱ እየተጻፈበት ነው፤ ባነሩ ተሰቅሎ፣ ስብሰባው አልቆ፣ ባነሩም ወርዷል። ክፍያው ግን አልተነቃነቀም። ግዥ ክፍል ስትሄዱ "እኛ ጨርሰናል፣ ፋይናንስ ጠይቂ" ይላሉ። ፋይናንስ "አባሪ ይጎድላል" ይላል። አባሪው ሲሟላ ፈራሚው መስክ ወጥተዋል። "እህቴ፣ ሰኞ ደውዪ" ትባላላችሁ፤ ሰኞ ስልኩ አይነሳም። ከቱሉ ዲምቱ መሀል ከተማ ገብቶ ለመመለስ ደግሞ የታክሲው ሰልፍና የቃሊቲው መንገድ ቀኑን ይጨርሰዋል። እኔ በሌለሁበት ሱቁ ውስጥ የሚቀረውን ሥራ ማንም አይቆጥርልኝም።

ሰኔ ሲመጣ ይብሳል። የበጀት ዓመቱ ሰኔ 30 ስለሚዘጋ ዓመቱን ሙሉ ያልተጠየቀ ዕቃ በድንገት ይፈለጋል። "አስቸኳይ ነው፣ በጀቱ ሊዘጋብን ነው፣ እባካችሁ ድረሱልን" ይሉናል፤ እኛም ሌሊቱን ሙሉ እያተምን እንደርስላቸዋለን። ሐምሌ ገብቶ ሂሳባችንን ስንጠይቅ "በጀቱ ተዘግቷል፣ ወደ ተከፋይ ሂሳብ ዞሯል፣ ታገሱ" እንባላለን፤ ዕዳ ተብሎ ተመዝግቦ ይቆያል ማለት ነው። ትዕዛዙ ሲወጣ ተይዟል የተባለው ገንዘብ የት ገባ? ይህን ጥያቄ ስጠይቅ ቀጥ ያለ መልስ የሰጠኝ ሰው የለም።

መርካቶ ያለው የወረቀት ነጋዴ ዋጋ ሲነግረኝ "የዛሬ ነው" ብሎ ነው። ድሮ ዱቤ የሚሰጡን ሰዎች ዛሬ አይሞክሩትም፤ አልፈርድባቸውም። ሐምሌ 2016 ምንዛሬው በገበያ ይወሰን ከተባለ በኋላ ዶላሩ ከ57 ብር ግድም ተነስቶ በጥቂት ሳምንታት 100 ብር አልፏል። ቶነሩም፣ ቀለሙም፣ አብዛኛው ወረቀትም ከውጭ የሚመጣ ነው። እኔ ግን ፕሮፎርማዬ ላይ በሞላሁት ዋጋ ታስሬ እቀመጣለሁ። ገንዘቡ ከወራት በኋላ ሲገባ ያቀረብኩትን ያህል ደስጣ ወረቀት መልሶ አይገዛም። ትርፌማ ቀርቷል፤ እየተበላ ያለው ዋናዬ ነው።

ከሁሉም የሚያንገበግበኝ ግን ቅጣቱ ነው። እኔ ካዘገየሁ በውሉ መሠረት ካልቀረበው ዕቃ ዋጋ ላይ በየቀኑ ከሺህ አንድ እየታሰበ ይቆረጥብኛል፤ አስረዳለሁ ብል "ውሉን አንብቢ" ነው መልሱ። እነሱ ሲያዘገዩ ማን ይቀጣል? ለዘገየ ክፍያ አምስት ሳንቲም የተካሰ ማተሚያ ቤት እስካሁን አላጋጠመኝም። የቤት ኪራዩ አይጠብቀኝም፤ የማይክሮ ፋይናንሱ ወለድም እንደዚያው። የልጆቹን ደሞዝ ከዕቁብ ባወጣሁት ብር የከፈልኩበት ወር አለ። እነዚህ ልጆች "ሥራ ፍጠሩ" ተብለው የተመከሩ የሰፈሬ ልጆች ናቸው፤ መንግሥት አልከፈለኝም ብዬ በባዶ እጃቸው ልሸኛቸው?

ጨረታው ኢጂፒ ላይ ለሁሉም እንደሚታየው ሁሉ፣ ሞዴል 19 ከተቆረጠ በኋላ ክፍያው የማን ጠረጴዛ ላይ እንዳለና ከመቼ ጀምሮ እንዳለ አቅራቢው ስልኩ ላይ ይይ። ገንዘብ ያልተያዘለት ትዕዛዝ አይውጣ። በሰኔ የተረከባችሁትን በሰኔ ክፈሉ፤ አንችልም ካላችሁ ደግሞ በሰኔ አትዘዙን። ፋይናንስ ክፍል ያላችሁ ወንድሞቼና እህቶቼ፣ የእኛ ዓይነት አነስተኛ አቅራቢ ሰነድ እጃችሁ ላይ ካለ እባካችሁ ነገ አትበሉት፣ ዛሬውኑ አስፈርሙት።